የኤልምዴል እርቅ

እታለማሁ ወንድይራድን ከመጥላቷ በፊት ከረባቱ ላይ የሚሰካትን ፒን ጠላች። የኤልምዴል ፖሊስ ዓርማ ናት፤ ጥፍር የምታህል፣ ወርቅ የተቀባች። እሁድ እሁድ አሌክሳንድሪያ በምትባል የአሜሪካ ከተማ የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተከራይተው በሚያመልኩበት ጉባኤ፣ ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ እንኳ ጣቱ ከዚያች ፒን አይነሳም። ኤዲያ! ሰው ፈጣሪውን እየለመነ የፖሊስ አለቃ የሰጠውን ጌጥ ይደባብሳል እንዴ?

ወንድይራድ ከአብዮቱ በፊት ለትምህርት የመጣ፣ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ የሚጠጣ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የመኪና ኢንሹራንስ የሚሸጥ ሰው ነው። በጎኗ ደግሞ ኤልምዴል የምትባል፣ የራሷ ፖሊስ ያላት ትንሽ ከተማ አለች። በፈረንጆቹ ሰማንያ አንድ ላይ ይቺው ኤልምዴል “ኮሚዩኒቲ ሪሌሽን” የሚሉት ነገር ጀመረች። ፖሊስና ሕዝብ ይቀራረብ ነው ነገሩ፤ ሲሰሙት ደስ ይላል። ከየሀገሩ ከመጣው ሕዝብ አንዳንድ ተወካይ ሲመርጡ ለሐበሻው ወንድይራድ ተገኘ። ደመወዝ የለውም፤ ግን በቅርቡ ሊቀጥሩት ነው እየተባለ ይወራል። የሚያወራው እሱ ራሱ ነው።

የእታለማሁ ባል ቢራቱ ይባላል። ወለጋ ተወልዶ ያደገ፣ አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ኪችን ውስጥ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው። ሰው ሲያናግረው መጀመሪያ ብድግ ይላል፤ መልሱ ከዚያ ነው የሚመጣው። አስተዳደግ ነው። እናቱ ልጇ አሜሪካ ምን እንደሚገጥመው ብታውቅ ኖሮ ትንሽ ስድ አድርጋ ታሳድገው ነበር።

በሰማንያ ሁለት፣ ወሩ መጋቢት፣ ከቀትር በኋላ ከሥራ ወደ ቤቱ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲመለስ ኤልምዴል መግቢያ ላይ ፖሊስ አስቆመው። ጥፋቱ አንዱ የፍሬን መብራት መቃጠሉ ነው። እንግዲህ በእኛ ሀገር ባለሥልጣን ሲያስቆምህ መኪናህ ውስጥ ተንፈላሰህ መጠበቅ ንቀት ነው። ሾፌር ይወርዳል፣ ቆቡን ያወልቃል፣ መንጃ ፈቃዱን በሁለት እጁ ይዞ ይቀርባል። እዚህ ደግሞ እጅህን መሪው ላይ አድርገህ ንቅንቅ አለማለት ነው ደንቡ። ይሄን ለቢራቱ ማንም አልነገረውም። ወረደ። ቆቡን አወለቀ። አንገቱን ሰበር አድርጎ ወደ ፖሊሱ ሄደ።

ፖሊሱ ዶውሰን የሚባል ወጣት ነው። “መኪናህ ውስጥ ተመለስ!” ብሎ ጮኸበት። ቢራቱ በሚገባ ሰምቶታል። ግን ለተቆጣ ባለሥልጣን ጀርባ ሰጥቶ መሄድ ከሁሉ የባሰ ብልግና ሆነበት፤ መንጃ ፈቃዱን አስረክቤ ልመለስ ብሎ ጠጋ አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከእሱ ይልቅ ሐኪሙ ነው የሚያውቀው። ትከሻው ወልቋል፤ የፊት ጥርሶቹ በዱላ ረግፈዋል። ክሱስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ፖሊስ ላይ ጥቃት መፈጸም! የተመታው ተከሳሽ፣ የመታው ከሳሽ። ጉድ በል ያገሬ ሰው!

ነገሩ የእስር ብቻ ቢሆን እታለማሁ ትችለው ነበር። ችግሩ የጥገኝነት ማመልከቻቸው ገና አልተወሰነም። መንግሥት በነጻ የመደበላቸው ጠበቃ፣ ሚስ ኬለር የምትባል ቀጭን ሴት፣ ቁጭ አድርጋ አስረዳቻቸው። “ምስክር የለም፤ የእሱ ቃልና የፖሊሱ ቃል ነው። ሐኪሙ ያነሳው የጉዳቱ ፎቶ ደግሞ ይረዳናል። ነገር ግን ጥፋተኛ ከተባለ ኢሚግሬሽን ዲፖርት ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ነገር ለማንም፣ ለማንም እንዳትናገሩ።” ዲፖርት ማለት ወደ ደርግ ማለት ነው። ቢራቱን ሀገር ቤት ሳለ ጸሎት ቤት ይሄዳል ብለው አንዴ አስረውት ነበር፤ ዳግም እጃቸው ከገባ በሕይወት የሚወጣ አይመስላትም።

ታዲያ ወንድይራድ በዚህ መሃል መጣ። ብቻውን ቢመጣ ደጅ ላይ ትመልሰው ነበር፤ ብልጥ ነው፣ አባባ ልሳነወርቅን ይዞ መጣ።

አባባ ልሳነወርቅ ሰባን ያለፉ፣ ፌርፋክስ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ የጉባኤው ሽማግሌ ናቸው። ከፌርፋክስ እስከ በልትስቪል ባልና ሚስት ቢጣላ፣ ሸሪክ ከሸሪክ ቢካካድ፣ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ለአንዱ አድልተው፣ ለሌላው ዋሽተው አያውቁም። አባባ ልሳነወርቅ እንዲህ ብለዋል ከተባለ ነገሩን መልሶ የሚያነሳ የለም።

“የፖሊሱን አለቃ፣ ቺፉን ራሱን አነጋግሬዋለሁ፤” አለ ወንድይራድ፣ ሶፋው ላይ እየተመቻቸ። “ሰውዬው መታረቅ ነው የሚፈልገው። ቢራቱ ይሄድና ሶሪ ይላል። ፖሊሱም ልጅ ሶሪ ይላል። ይጨባበጣሉ፣ ኬዙ ድሮፕ ይደረጋል፣ ክሱ ይነሳል። አለቀ!”

“የተመታው እሱ፣ ሶሪ የሚለውም እሱ?” አለች እታለማሁ።

“ልጄ፣” አሉ አባባ ልሳነወርቅ፣ “እርቅ እኮ እንዲህ ነው። የተበደለው ቀድሞ ‘አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ’ ሲል የበደለው አንገቱን ይደፋል። ‘ኧረ እኔ ነኝ ያጠፋሁት!’ ይላል። ስንቱን ሰው በዚህ አስታረቅሁ መሰለሽ። ልቡ ድንጋይ የሆነ እንኳ ይቺን ቃል ሰምቶ ዝም አይልም።”

“ፈረንጁ ይሄን ወግ ያውቃል ወይ አባባ?”

“ወንድይራድ ያስረዳዋል። መካከል የገባው ለዚህ አይደል?”

“አስረድቼ ጨርሻለሁ!” አለ ወንድይራድ።

“ጠበቃዋ ለማንም እንዳትናገሩ ብላለች።”

“ጠበቃ ሰው ከታረቀ ምን ሥራ አላት?” ብሎ ሳቀ። “እታለማሁ፣ አንቺ ደግሞ! በሀገራችን ፖሊስ ጣቢያ ሄደን አለቃውን አናግረን ስንቱን እናስፈታ አልነበር?”

እዚህ ላይ አባባም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እውነት ነዋ፣ በሀገር ቤት እንደዚያ ነበር። ክስ ከፍርድ ቤት ደጃፍ ተመልሶ በሽማግሌ ያልቃል፤ ዳኛው ራሱ “ሂዱ ታረቁ” ብሎ ይሸኛል። እታለማሁ ባሏን አየችው። ቢራቱ እሷን አላያትም፤ ሽማግሌውን ነው የሚያየው። “እናንተ ካላችሁ እሺ፤” አለ፣ በዚያ በወላለቀ አፉ።

ቅዳሜ ጠዋት ሄዱ። ወንዶቹ የቤተ ክርስቲያን ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ እሷ ነጠላዋን አጣፍታ። ከአባባ ጋር ሁለት ሌሎች የጉባኤ ሽማግሌዎች ነበሩ። ጣቢያው ውስጥ አንድ አዳራሽ ተዘጋጅቷል፤ ጠረጴዛ ላይ ቡናና ዶናት ተደርድሯል። የሰፈሩ ጋዜጣ ፎቶ አንሺም ቆሟል። ለሠርግ የተጠሩ ነበር የሚመስለው። ቺፉ ንግግር አደረገ። ፖሊስና ሕዝብ አንድ ቤተሰብ ነው አለ። ወንድይራድ አጨበጨበ።

ከዚያ ቢራቱ ተነሳ። ዶውሰን ፊት ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ አባባ እንደመከሩት በእንግሊዝኛ “አጥፍቻለሁ። ይቅር በለኝ።” አለ። ሽማግሌዎቹም ከእሱ ጋር አንገታቸውን ደፉ።

ዶውሰን እጁን ዘረጋ። “ይቅርታህን ተቀብያለሁ፤” አለ።

በቃ። ሌላ የለም። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን እንደደፉ ቀሩ፤ የቀረውን ግማሽ ይጠብቃሉ። የሚያለቅስ ካለ እዚህ ላይ ነው የሚያለቅሰው፤ ትከሻ ለትከሻ የሚሳሳሙትም እዚህ ላይ ነው። ምንም የለም። ፎቶ አንሺው ብልጭ አደረገ። አባባ ልሳነወርቅ ቀና ብለው በዚያ በድሮ የሚሲዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛቸው፣ ቀስ ብለው፣ “አንተስ ልጄ?” አሉት።

“እኔ ምን?” አለ ዶውሰን።

ወንድይራድ ሳቅ ብሎ መሃል ገባ። ለፖሊሱ “እየመረቁህ ነው” አለው። ለሽማግሌዎቹ ደግሞ በአማርኛ፣ “በልቡ ብሏል፤ እነሱ ሰው ፊት አይሉትም። ዋናው ኬዙ ነው፤ ኬዙን ይዘጉታል። ኑ ብሉ እንጂ፣ ዶናቱን ብሉ!” አላቸው።

በሉ። እምቢ ማለት ነውር ነው ብለው እነዚያ የተከበሩ ሽማግሌዎች ሮዝ ስኳር የተቀባ ዶናት በላይ በላዩ ዋጡ። ለእታለማሁም ወንድይራድ በእጁ አንስቶ አስያዛት። ስኳሩ መዳፏ ላይ ቀልጦ ተጣበቀ፤ ቀፈፋት። የሞተ ነገር የያዘች መሰላት። ውጭ ወጥታ መኪና ማቆሚያው ላይ ጣለችውና እጇን በአጥሩ ሣር ጠረገች፤ አልለቅ አላት።

ኬዙ አልተዘጋም። ወንድይራድ “ዛሬ ነገ ነው” እያለ፣ ስልክ ሲደውሉለት “ኮል አደርግላችኋለሁ” እያለ፣ የፍርድ ቀን ደረሰ። ዶውሰን ዩኒፎርሙን ተኩሶ ቀረበና ማለ። “ተከሳሹ ራሱ በፈቃዱ፣ የማኅበረሰቡን ሽማግሌዎች ይዞ ጣቢያችን መጣ። ማጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ጠየቀኝ፤” አለ። ሚስ ኬለር ወደ እነእታለማሁ ስትዞር ፊቷ ዱቄት ሆኗል። የእርቁን ነገር አልነገሯትማ! ለማንም እንዳትናገሩ ስላለቻቸው አፍረው ነው፤ ሲዘጋ እንነግራታለን ብለው ነበር።

ቀጥሎ ዐቃቤ ሕጉ ወንድይራድን ጠራ።

“እንዲህ ብሏል?”

“ብሏል።”

“ያስገደደው ነበር?”

“ማንም። በገዛ ፈቃዱ ነው።”

ሚስ ኬለር ተነሳች። ባታውቅም ሴትዮዋ ጭንቅላት አላት፤ አንድ ነገር ሸተታት። “በባህላችሁ ሰው ሳያጠፋም አጥፍቻለሁ የሚልበት ሁኔታ አለ ወይ?” ብላ ጠየቀችው። ወንድይራድ ከረባቱን አስተካከለ። ከዐቃቤ ሕጉ ወንበር ጀርባ ቺፉ ተቀምጧል።

“ይቅርታ ያው ይቅርታ ነው፤” አለ። “እንደማንኛውም ሕዝብ።”

ጥፋተኛ ተባለ። እስሩን በገደብ አደረጉለት። ዳኛው ርኅራኄ ያደረገ መስሎት ፈገግ አለ፤ ገደቡ ለኢሚግሬሽን ምን ይሠራል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ የፖሊሱ ቃል በእሱ ቃል ላይ ብቻ ሳለ የነበረቻቸውን ትንሽ ተስፋ ራሳቸው ተሸክመው ሄደው ለፖሊስ አስረከቡ። እታለማሁ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ባሏን፣ “የእኛዎቹ ገርፈው ያስፈርሙሃል፤ እነዚህ ደግሞ ዶናት አብልተው!” አለችው። ቢራቱ መሬት መሬት አየ። አንድ መውጫ ብቻ ቀረ። ሚስ ኬለር ይግባኝ አለች፤ በጥቅምት ሌላ ዳኛ ነገሩን ከሥሩ ይሰማል፤ ያኔም ያ ይቅርታ ከጸና አበቃ።

በዚያው ሰሞን ወንድይራድ ተቀጠረ። ጣቢያው ውስጥ ጠረጴዛ ተሰጠው፤ ስሙ የታተመበት ካርድ ምድር ቤቱ በር ላይ ቆሞ ለወጣው ለገባው ያድላል። ውሻ በበላበት ይጮሃል። ሰዉ ደግሞ ካርዱን በሁለት እጁ ይቀበለዋል፤ ነገ ልጄ ቢያዝብኝ ይጠቅመኛል ይላል። እታለማሁን ከወንድይራድ ይልቅ ያንገፈገፋት ይሄ ነው። አንገፍግፏት ደግሞ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። በጉባኤው፣ በሥራ ቦታዋ፣ አዳምስ ሞርጋን ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ድረስ ሄዳ፣ “ወንድይራድ ባሌን ሸጦ ወንበር ገዛ” ብላ አወራችው። ነገሩ እሱ ጆሮ ደረሰ። ስሜ ጠፋ፣ አስታርቁኝ ብሎ ሽማግሌ ላከ። አያፍርም እኮ!

እሁድ ከጸሎት በኋላ ቤቷ መጡ፤ አባባ ልሳነወርቅ፣ እነዚያ ሁለቱ ሽማግሌዎችና ወንድይራድ። ለስላሳ ቀዳችላቸው፤ ሽማግሌ ቤት ገብቶ ደረቅ አይቀመጥም። አባባ ትንሽ ጸለዩ። ወንድይራድ ተነሳ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ፤ ወጉን አሳምሮ ያውቃል።

“እታለማሁ፣ አጥፍቻለሁ። ይቅር በይኝ።”

“ምን አጠፋህ?” አለችው። እስከዚያ ቀን “እርስዎ” ነበር የምትለው።

እንዲህ ተብሎ አይጠየቅማ። ይቅርታ ተጠየቅሽ፣ “ይቅር ለእግዚአብሔር” ትያለሽ፣ ያልቃል።

“ያው... ቅር ካሰኘሁሽ ነዋ።”

“ቅር አሰኝቼሻለሁ አላልክም። አጥፍቻለሁ ነው ያልከው። እኮ ምን?”

“ኧረ እታለማሁ፣ ምን ነካሽ? እርቅ ላይ እንዲሁ ለወጉ ይባላል እንጂ እኔማ ምንም ያጠፋሁት...”

እዚያው ላይ ምላሱን ነከሰ። ግን አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም፤ ወጥቷል። አባባ ልሳነወርቅ ቀና ብለው አዩት።

እታለማሁ ብድግ አለች። “እንዲህ ነው! በል ይቺኑ ቃል፣ አሁን ያልካትን፣ ዳኛው ፊት በልልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግብህም። ስምህን በየሰዉ ቤት ዞሬ አጥብልሃለሁ። እግርህን አጥባለሁ። ይቺን ብቻ!”

ወንድይራድ ተቀመጠ። ላቡን ጠረገ። “ባለፈው ምዬ የተናገርኩትን እንዴት አድርጌ? ቺፉስ ምን ይለኛል? ገና አሁን ነው የቀጠሩኝ፤ ልጆች አሉኝ እኮ።”

“የእኔ ባል ነፍስስ?”

“ኢሚግሬሽን ይሄን ሁሉ መቼ አየ! አታካብጂው። ቢራቱ፣ እስኪ አንተ ንገራት።”

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። “ልጆቼ፣ የፍርድ ቤቱ ነገር በፍርድ ቤት ይታያል፤” አለ። “እኛ ዛሬ የመጣነው ለእርቁ ነው። ሰዓቱም እየሄደ ነው፤ እርቁን እንፈጽምና እንጸልይ።” ሌላውም “እውነት ነው” አለ። የሚያዩት ግን ወለሉን ነው። ሰምተዋል፤ ሁሉም ሰምተዋል። የሰሙትን እንዳልሰሙ ሆነው ለስላሳቸውን ጨለጡ።

ይህን ጊዜ ቢራቱ ተነሳ። “ይቅር ለእግዚአብሔር፤” አለ። ሄዶም ወንድይራድን አቀፈ። በዚያ ጥርስ በሌለው አፉ የሰውዬውን ጉንጭ ሳመው፤ ወንድይራድም “ወንድሜ፣ ወንድሜ” እያለ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ ያንኑ የወለቀውን።

እታለማሁ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጣ አስታወከች። ገንዳው ላይ ተደፍታ በበሩ በኩል የመዝጊያውን ጸሎት ሰማች። “ስላስታረቅኸን እናመሰግንሃለን” ይላል አንዱ። “አሜን” ይላሉ። ከሁሉም የወንድይራድ አሜን ይሰማል።

ፊቷን ታጥባ ስትወጣ እንግዶቹ ሄደዋል። አባባ ልሳነወርቅ ብቻ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

“እኔ እሄዳለሁ፤” አሉ።

“ልጅዎ መጥታ ትውሰድዎት፣ ልደውልላት?”

“ዳኛው ዘንድ ማለቴ ነው። የመከርኩት እኔ ነኝ። ወጋችንን እኔ አስረዳዋለሁ።”

ሁለተኛው ችሎት በጥቅምት ተሰየመ። አባባ ልሳነወርቅ ልጃቸውን ይዘው፣ ከሁሉ ቀድመው ደረሱ። መሐላውን አልወደዱትም፤ አትማሉ ተብሏል የሚሉ ሰው ናቸው። ግን ለቢራቱ ሲሉ እጃቸውን አንስተው በእግዚአብሔር ስም ማሉ። ከዚያም ሚስ ኬለር ስትጠይቃቸው ወጉን ከሥሩ ጀምረው አስረዱ። የተበደለ ለምን ቀድሞ ይቅርታ እንደሚል፣ የበደለ ምን እንደሚመልስ፣ ያ መልስ ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ። እንግሊዝኛቸው ዝግ ያለ ነው፤ ግን ጥርት ያለ ነው። ዳኛዋ አገጯን በእጇ ደግፋ፣ የሩቅ ሀገር ተረት እንደሚሰማ ሰው አዳመጠች። እታለማሁ ተስፋዋ ነፍስ ዘራ።

ዐቃቤ ሕጉ ተነሳ።

“እንዲህ እንዲል የመከሩት እርስዎ ነዎት?”

“እኔ ነኝ።”

“ጥሩ። ለኦፊሰሩ ‘አጥፍቻለሁ’ ያለው እውነት ነበር ወይስ ውሸት?”

“ልጄ፣ እርቅ ነው። እዚያ ላይ እውነትና ውሸት አይባልም።”

“እዚህ ይባላል። እውነት ከሆነ ጥፋተኛ ነው። ውሸት ከሆነ ደግሞ እርስዎ ለፖሊስ እንዲዋሽ መክረዋል። የትኛው ነው?”

አባባ ወደ ዳኛዋ ዞሩ። “ክብርት ሆይ፣ ሰው ሰላምን ሲፈልግ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ይሄ መዋሸት አይደለም...”

“ጥያቄው ግልጽ ነው፤” አለች ዳኛዋ። “እውነት ወይም ውሸት ብለው ይመልሱ።”

ሽማግሌው ቢራቱን አዩት። እታለማሁ ከኋላ ወንበር ላይ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ በልቧ “ውሸት ነው ይበሉ! አባባ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ውሸት ነው ይበሉ!” ትላለች። ያን ሰዓት ለሰውዬው አላዘነችም፤ ምን ይደበቃል? ባሏን ነው ያየችው።

“ውሸት ነበር፤” አሉ አባባ ልሳነወርቅ። “ያስዋሸሁት እኔ ነኝ።”

ጸሐፊዋ የጽሕፈት መኪናዋን ቀጭ ቀጭ አድርጋ ጻፈችው።

ያ ይቅርታ ሲወድቅ የዶውሰን ቃል ብቻውን ቀረ፤ ከሐኪሙ ፎቶ ጋር ሲተያይ ደግሞ አልቆመም። ዳኛዋ ቢራቱን በነጻ አሰናበተችው። ከመነሳቷ በፊት ግን አባባን ስማቸውን ጠርታ ገሠጸች። አዲስ የመጡ ሰዎች ለሕግ አስከባሪ እውነት መናገርን ከሽማግሌዎቻቸው ይማሩ ዘንድ ይገባል አለች። አባባ እንደ ተማሪ ቆመው ሰሙ። ልጃቸው አንገቷን ደፍታ ቦርሳዋን ትከፍትና ትዘጋለች።

ኮሪደሩ ላይ ወንድይራድ ጠበቃቸው። “እንኳን ደስ ያላችሁ! እኔም እኮ ስጸልይላችሁ ነበር” ብሎ እጁን ዘረጋ። እታለማሁ እጁን አየችውና አለፈችው። ዐቃቤ ሕጉም ፋይሉን በብብቱ ይዞ ሲያልፍ አባባ ልሳነወርቅ ዘንድ ቆመ፤ ትከሻቸውን መታ መታ አደረገ። “ሐቀኛ ሰው ነዎት፤” አላቸው። “ጥፋትን ማመን ቀላል አይደለም። አከብርዎታለሁ።” ሄደ።

ቢራቱ መኪናውን ሊያመጣ ወጥቷል። እታለማሁ ጎንበስ ብላ የሽማግሌውን ጉልበት ልትስም ስትል ክንዷን ይዘው ቀና አደረጓት።

“ተይ ልጄ።”

“ባሌን አተረፉልኝ እኮ አባባ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ምን ብዬ...”

“ሰማሽው ሰውዬውን?” አሉ። “ሐቀኛ ነህ አለኝ።”

መሐረባቸውን አውጥተው አፋቸውን ጠረጉ። ደግመው ጠረጉ። ከንፈራቸው እስኪቀላ ጠረጉ፤ ልጃቸው “አባባ፣ ዋትስ ሮንግ?” እያለች እጃቸውን ልትይዝ ብትል ገፏት።

“ያን ቀን ጣቢያው ውስጥ አልዋሸሁም፤” አሉ። “የዋሸሁት ዛሬ ነው፤ እርቃችንን ውሸት ነው ያልኩ ጊዜ። በስሙ ምዬ።”

እታለማሁ ከጠዋት ጀምሮ ያዘጋጀችውን እልልታ ትታ ክንዳቸውን ደገፈች። ከኋላቸው ወንድይራድና ዶውሰን ከቡና ማሽኑ አጠገብ ቆመው ይሳሳቃሉ።

“ከዚህ ቤት አውጡኝ፤” አሉ አባባ ልሳነወርቅ።